የታችኛው ሰፈር ቆጣሪ

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሲስተም ማክሰኞ ማክሰኞ ይታመም ነበር። ሌላ ቀን ደህና ነው። ሰኞ ደንበኛው ከበሩ እስከ አጥሩ ተሰልፎ እንኳ ኮምፒውተሮቹ ትን ሳይላቸው ይውላሉ። ማክሰኞ ግን ረፋዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ሞቅ አድርጎ በያዘበት ሰዓት፣ የመስኮቶቹ ስክሪን ባንዴ ደርቆ ይቀራል። ከዚያ ያቺ የታወቀች ቃል ከመስኮት መስኮት ትዞራለች፤ «ሲስተም የለም።»

ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተበሳጩ፤ ቀጥሎ ለመዱት፤ በመጨረሻ ቀለዱበት። አንዱ «ማክሰኞ የዕረፍት ቀኗ ነው» ሲል ሌላው «ኧረ የሰፈረባት ነገር አለ፣ ጸበል ይረጭባት» ይላል። አለቃው ግን ቀልድ የሚባል ነገር በደጁ ያላለፈ ሰው ስለነበር ሐኪሟን አስመጣ።

ሐኪሟ የሰው ሐኪም አይደለችም። የምታክመው ዳታቤዝ፣ መዝገብ የሚከማችበትን ቋት ነው። የታመመ ሲስተም ባለበት ሁሉ ስለምትላክ ስሙ በዚያው ወጣላት፤ እሷም አልጠላችውም። ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። ባለቤቷ «ለማሽን ካለሽ ትዕግሥት ሩቡን ለእኔ ብትቆርሺልኝ ምን ነበረበት» እያለ ይቀልድባታል።

ማክሰኞ ጠዋት መጥታ ደወል ከምትባለው የመስኮት ሠራተኛ ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደወል የተባለችው አፏ ስለማያርፍ ነው። ያን ጠዋትም ስለ አለቃው ጫማ፣ ስለ አዲሷ ጸሐፊ እጮኛ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ ጀምራ አንዱንም ሳትጨርስ ረፋዱ ደረሰ። ድንገት ዝም አለች።

«እማማ መጡ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ቀለሙ የለቀቀ ጃንጥላ በብብታቸው የያዙ አሮጊት ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ልብሳቸው ያረጀ ነው፤ ግን እድፍ የለበትም። ጫማቸው ተወልውሏል።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። ያው ውሃችን እንዳይዘጋ ብዬ ነው።»

«ደህና እማማ፣ እርስዎስ? ቆይ ልይልዎ» አለች ደወል፤ የባላቸውን ስምና የሰፈሩን ስም ጻፈች፦ ታችኛው ሰፈር። መፈለጊያውን ስትጫን ስክሪኑ ደረቀ። ከጎኗ ያለው ገንዘብ ተቀባይ በረጅሙ ተነፈሰ። ከወዲያ ጥግ አንዱ «ሲስተም የለም» ሲል ተሰማ።

እማማ ግን አልተበሳጩም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ፊታቸው የተረጋጋ ነበር፤ ልጇን ሐኪም ቤት አስገብታ «አሁን እያዩት ነው» እንደተባለች እናት። ቆየ፣ ቆየና ስክሪኑ ነቃ። «አልተገኘም» ይላል።

«አልተዘጋም እማማ» አለች ደወል። «ፈልገን አይተናል። ማንም አልዘጋብዎትም።»

«ተባረኪ ልጄ» አሉና ወጡ።

ሐኪሟ ወደ ደወል ዞረች። «አልተገኘም አይደል የሚለው?»

«ምን ልበላቸው ታዲያ? ታችኛው ሰፈር እኮ የለም። ናዳው ሲወርድ አንቺ እዚህ አልነበርሽም። ሰፈሩን እንዳለ ነው የዋጠው። ባላቸው እዚያው ቀርቷል፤ ሬሳ እንኳ አልተገኘም። እሳቸው ግን ይኸው ማክሰኞ ማክሰኞ ውሃ እንዳይዘጋ ይላሉ። አእምሯቸው...» ጣቷን ወደ ጆሮ ግንዷ አስጠግታ መለሰችው። «ክፉ አይደሉም፤ ሰው አያስቸግሩም።»

ሐኪሟ በሽታው ከየት እንደሚነሣ ገብቷታል። ማሽኗን ከፍታ ያችኑ የእማማን ጥያቄ ጠየቀችው፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን የሄደበትንም መንገድ እንዲያሳያት አዘዘችው።

ዳታቤዝ ሲጠየቅ ዘሎ ወደ ፍለጋ አይገባም። መጀመሪያ መንገድ ይመርጣል። የሚፈለገው ሰው ጥቂት ከሆነ ማውጫውን ይዞ በቀጥታ ደጁ ድረስ ይሄዳል። ብዙ ናቸው ብሎ ካሰበ ደግሞ ማውጫውን ትቶ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ቤት ለቤት ያንኳኳል፤ ለብዙ ሰው ይሄ ይሻላልና። ጥቂትና ብዙ የሚለውን የሚያውቀው ታዲያ አስቀድሞ ከያዘው ቆጠራ ነው፤ በየትኛው ሰፈር ስንት ደንበኛ እንዳለ ከሚነግረው ግምት። ቆጠራው ካረጀ፣ ብልህ የነበረው ማሽን ገበያ በተነሣ ማግስት ሸቀጥ ፍለጋ እንደሚንከራተት ሰው ይሆናል።

የታችኛው ሰፈርም ነገር ይኸው ነበር። ስክሪኑ ላይ የእያንዳንዱ እርምጃ የተጠበቀውና የተገኘው ጎን ለጎን ተጽፏል። ከታችኛው ሰፈር የተጠበቀው፦ የከተማው ደንበኛ ሩብ። የተገኘው፦ ምንም። ማሽኑ ሰፈሩ ዛሬም እንደሞላ ያስባል። ስለዚህ የደንበኞቹን ሠንጠረዥ በሙሉ ያነባል፤ ከዚያ ከዓመታቱ የቆጣሪ ንባብ ሁሉ የሰፈሩን እየለየ ያወጣል፤ ሁለቱን ሊያጋባ ይቀመጣል፤ በመጨረሻ ባዶ እጁን ይመለሳል። እስከዚያ ሌላው መስኮት ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ከታች፣ በንባቦቹ እርምጃ ላይ፣ «የተገኘው» በሚለው በኩል፣ ሌላ ቁጥር ነበረች። ትንሽ ቁጥር። የሐኪሟ ዓይን አረፈባትና አለፋት። ሐሳቧ ያለው ትልቁ ስሕተት ላይ ነበር።

«ይህ ቆጠራ በየሳምንቱ በራሱ መታደስ ነበረበት» አለች። ስትፈትሽ ግን ተቆልፎ አገኘችው። በስሕተት አይደለም፤ ሰው ሆነ ብሎ፣ ማሽኑ ይህን ሰፈር ደግሞ እንዳይቆጥር አዝዞታል። የቆለፈው ሰው ስምም አለ።

ደወል በትከሻዋ አሻግራ አነበበችና «ጋሽ ቆይ» አለች።

ጋሽ ቆይ ከሐኪሟ በፊት ሲስተሙን የያዙ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው። ምንም ቢጠየቁ መጀመሪያ «ቆይ» ስለሚሉ እንዲያ ቀረ።

«ረስተውት ይሆናል» አለች ሐኪሟ፤ ቁልፉን ከፈተችና ማሽኑን አስቆጠረችው። አዲሱ ቆጠራ ታችኛው ሰፈር ውስጥ ማንም እንደሌለ መዘገበ። ጥያቄውን መልሳ ስትሞክር መልሱ ጣቷ ከቁልፉ ሳይነሣ ከች አለ። አለቃው ራሱ መጥቶ አየና «ጥሩ» አለ፤ ያ ለእሱ ምርቃት ነው።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ሐኪሟ ሥራዋን ልታይ ከደወል ጎን ተቀምጣ ነበር። እማማ መጡ፤ ያንኑ ጠየቁ። ደወል ጽፋ ተጫነች። እማማ ወደ አግዳሚው ፊታቸውን አዙረው ገና አንድ እግራቸውን ሳያነሡ መልሱ ደረሰ።

«አልተዘጋም እማማ» አለች ደወል።

እማማ ቆሙ። ስክሪኑን አዩት፣ ደወልን አዩአት። «ዛሬ አልፈለጋችሁትም» አሉ።

«ኧረ ፈልገናል። ማሽኑ ስለፈጠነ ነው። ይኸውልዎ፣ እሷ ናት ያፈጠነችው።»

«ሰው በዚህ ፍጥነት አይፈለግም» አሉ እማማ። ቁጣ የለባቸውም። ዓይናቸው ግን ሐኪሟ ላይ ትንሽ ቆየ። «ዘግታችሁበታል ማለት ነው።»

ምንም ሳይጨምሩ ወጡ። በቀጣዩ ማክሰኞ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ሲስተሙ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ወረፋው ቶሎ ይነቃነቃል፤ ደወል ግን ረፋድ ላይ ወሬዋን ታቆምና በሩን በሩን ታያለች። «ምን ሆነው ይሆን?» ትላለች። ለማንም አይደለም የምትለው።

ሐኪሟም ሰላም አጣች። ያቺ ያለፈቻት ትንሽ ቁጥር ወደ አእምሮዋ መመለስ ጀመረች። ሰሐን ስታጥብ ትመጣባታለች፤ ባሏ ሲያወራት ትመጣባታለች። ከሰፈሩ ደንበኛ ምንም አልተገኘም፤ ይሁን። ታዲያ ከንባቦቹ በኩል የተገኘው ምን ነበር? የማን? አዲሱን መንገድ ከፍታ ለማየት ሞከረች። በንባቦቹ እርምጃ ፊት ለፊት «አልተሄደም» ይላል። ልክ ነው። ማሽኑ ደንበኛ እንደሌለ በማውጫው ካወቀ በኋላ ወደ ንባቦቹ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ያፈጠነችውም ይኸው ነበር፤ ደጁ ድረስ ሄዶ ሰው ሲያጣ ወደ ጓዳ እንዳይዘልቅ አድርጋዋለች። አሁን ያ ጓዳ ጨለማ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቆይ ቤት ሄደች። በረንዳቸው ላይ የተነቀለ የወንበር እግር በማጣበቂያ እየመለሱ አገኘቻቸው። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉ። «በዚህኛው አይደለም፤ እሱ ገና ታማሚ ነው።»

ተቀመጠች። ወዲያ ወዲህ አላለችም። «የታችኛውን ሰፈር ቆጠራ ለምን ቆለፉት ጋሼ?»

ሽማግሌው የማጣበቂያውን ክዳን ፈለጉ፤ አገኙት፤ ገጠሙት።

«ከናዳው በኋላ ደንበኞቹ ከነቀድሞ ንባባቸው ከሠንጠረዡ ወጥተው ወደ ማኅደር ይዛወሩ የሚል ትእዛዝ መጣ» አሉ። «ለሞተ ሰው ደረሰኝ እየወጣ ነው ተብሎ። ትክክል ነው፣ እኔም አምኜበታለሁ። አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩና ተጫንኩ። ምራቄን እስክውጥ እንኳ አልቆየም። ያ ሁሉ ሰው። ወንድሜ ከነልጆቹ እዚያ ውስጥ ነበር።»

ሐኪሟ አንገቷን ደፋች።

«ያን ሳምንት መጨረሻ ማሽኑ እንደልማዱ ሊቆጥር ነው። ቆጥሮ 'ማንም የለም' ሊል። ሰዎቹን ያወጣሁት ታዝዤ ነው። ቆጠራውን ግን ማንም አላዘዘኝም። 'ግዴለም፣ አንድ ማሽን እንኳ አሉ ብሎ ያስብ' አልኩ። ቆለፍኩት።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ሥራ እንዲህ አይሠራም። አውቃለሁ። ከዚያ ያቺ ሴትዮ መምጣት ጀመረች፤ ማሽኑ ሲፈልግ ፊቷን አየሁት። ከዚያ በኋላማ እንዴት ልክፈተው?»

«ንባቦቹ ላይ የምትወጣ ቁጥር ነበረች። አይተዋት ያውቃሉ?»

«የቷ?»

«ደንበኛ የለም። ንባብ ግን የሚመጣ ይመስለኛል።»

ጋሽ ቆይ ማጣበቂያውን ወደ ጎን ገፉት። «ልጄ፣ እኔ ያን ሰፈር በዓይኔ ማየት አልቻልኩም» አሉ። «በወረቀትም፣ በስክሪንም። የቆለፍኩት እኮ እንዳላየው ነው።»

ሐኪሟ ከዚያው ወደ ቢሮ ተመለሰች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዋ ላይ ተኝታለች። ጥያቄውን ገልብጣ ጻፈችው። ማሽኑ ደንበኞችንና ንባቦችን ሲያጋባ፣ ባለቤት ያጣውን ንባብ ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ ሕጉ ነው። እሷ አሁን የጠየቀችው የሚጣለውን ነው። ባለቤት የሌላቸውን ንባቦች ሁሉ አምጣ አለችው።

መጡ። ሁሉም ከአንድ ቆጣሪ ናቸው። በራሱ በሬዲዮ ቁጥሩን ከሚልከው ከአዲሱ ዓይነት ቆጣሪ፣ ከታችኛው ሰፈር የላይኛው ጫፍ። ከናዳው ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አላቋረጠም። ቁጥሩ ደግሞ የቆመ አይደለም፤ በየቀኑ ያድጋል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህማ ይሮጣል። የመጨረሻው የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ባዶ አፈር ውስጥ አንድ ቤት ውሃ ይጠጣል።

የቆጣሪውን ቁጥር ይዛ ወደ ማኅደሩ ሄደችና የባለቤቱን ስም አወጣች። ደወል ማክሰኞ ማክሰኞ ስትጽፈው የኖረችው ስም ነበር።

አለቃው ቢሮ ገብታ ስትነግረው «የዚያ ሰፈር የውሃ መስመር ተዘግቷል» አላት። «ተፈርሞበታል።»

«የተፈረመው ከታች በኩል ለሚመጣው ይሆናል። ከላይ የሚወርድ ሌላ አለ?»

አለቃው ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስክሪኗን ሲያይ ዘጋው። ስልክ አንሥቶ ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራ። ሰውየው የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ ጆሮውን በማስጠጋት የተደበቀ ፍሳሽ ስለሚያገኝ ጆሮ ይሉታል። ሲጠየቅ ራሱን አከከ። «ለላይኛው ረድፍ ቤቶች ብቻ አሮጌ ቱቦ ነበር መሰለኝ። እኔ ስቀጠር አርጅቶ ነበር። ማን ያስታውሰዋል?»

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሦስቱ ሄዱ፤ ሐኪሟ፣ ጆሮና ሳትጠራ የገባችው ደወል። ቁልቁለቱ በሽቦ ታጥሯል። ከታች ሰፊ ቡናማ ሜዳ ነው፤ ሣር በቅሎበታል፤ አንዳንድ ቦታ የጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ ከአፈሩ ብቅ ብሏል። ከላይ፣ ከገደሉ ጠርዝ ላይ፣ በናዳው ያልተነኩ ቤቶች ተደርድረዋል። አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች ነበር። ጆሮ ሰላም ብሏት ቤቷ ደህና መሆኑን ጠየቃት።

«ደህና ነው፤ በሩ ብቻ እምቢ ብሎናል» አለችው። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አይገጥምም። ግድግዳውም ተሰነጠቀ። ባለቤቴ ክረምት ሳይገባ ያስጠግነዋል።»

ጆሮና ሐኪሟ ተያዩ።

እማማን ያየቻቸው ደወል ናት። ከሽቦው ወዲያ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሽቦው የተቀደደበትን ቦታ አውቀውታል። ሐኪሟ ብቻዋን ወደ እሳቸው ወረደች።

«እማማ።»

«መጣሽ?» አሉ፤ ሲጠብቋት የነበረች ይመስል። «ዘግታችሁበታል ብዬ ነው የመጣሁት። ግን አልዘጋችሁም። ነይ ስሚ።»

ሐኪሟ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ አፈሩ አስጠጋች። መጀመሪያ የራሷን ደም ብቻ ሰማች። ከዚያ ከሥር፣ ሩቅ፣ የማያቋርጥ ሽውታ። ከግድግዳ ወዲያ ሰው ውሃ ከፍቶ ሲታጠብ የሚሰማውን ዓይነት።

«እየታጠበ ነው» አሉ እማማ።

እማማ ማውራት የፈለጉ ይመስላሉ። ባላቸው ግንበኛ እንደነበር፣ ያን ቀን ከሥራ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መምጣቱን፣ ግቢ ያለውን ቧንቧ ከፍቶ እጁን መዘርጋቱን ነገሯት። «ሳሙና አልቆ ነበር» አሉ። «'ሂጂ ገዝተሽ ነይ፣ እስክትመጪ እኔ ጭቃውን ላስለቅቅ' አለኝ። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ስመለስ መንገዱ የለም። ሳሙናው አሁንም አለ፣ የእህቴ ልጅ ቤት። አልተፈታም።»

«እማማ» አለች ሐኪሟ፤ «ውሃው አፈሩን ከሥር እየበላው ነው። ያዩአቸዋል እነዚያን ቤቶች? ግድግዳቸው ተሰንጥቋል። ክረምት ከገባ እነሱም እንደዚህ ይሆናሉ። መዝጋት አለብን።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩ። ገመዱ ላይ የትንንሽ ልጆች ልብስ ተሰጥቷል። ለብዙ ጊዜ አዩት።

ጆሮ በዘንጉ እየሰማ፣ እየተከለ፣ ከጠርዙ አጠገብ በአፈርና በሣር የተሸፈነ ክዳን አግኝቶ ነበር። ክዳኑን ፈነቀለ፤ ረጅሙን የቫልቭ ቁልፍ ወደ ጉድጓዱ አስገባና ለመጠምዘዝ ጎንበስ አለ።

«ትንሽ ጠብቁት» አሉ እማማ። «ያለቅልቅ።»

ጆሮ ወደ ሐኪሟ አየ። ሐኪሟ እጇን አነሣችና እንዲቆይ ምልክት ሰጠችው። ጆሮ ሥራ የማያቆም፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው፤ ግን ቁልፉን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። ደወል ሽቦውን ይዛ አፏን በሻርፗ ሸፍናለች። ነፋስ ሣሩን አስተኛው፣ አነሣው። ከላይ ያለችው ሴት ምን እንደሚሠሩ ግራ ገብቷት ቅርጫቷን እንደታቀፈች ታያቸዋለች።

«በቃ» አሉ እማማ።

ጆሮ ጠመዘዘው። ዝጎ ስለነበር ብረቱ ጮኸ። ሐኪሟ መዳፏን አፈሩ ላይ አድርጋ ነበር፤ ሽውታው ቀጠነ፣ ተቆራረጠ፣ ጠፋ። የተረፈው ጸጥታ ከድምፁ ይልቅ ከባድ ነበር። እማማ ጃንጥላቸውን አጠፉ። መኪናው ውስጥ የእህታቸው ልጅ ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ደወልም እንዲሁ።

ከጠርዙ ላይ ያሉት ሰዎች ክረምት ሳይገባ ተነሡ። መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር። ዝናቡ በገባ ሰሞን የዚያች ልብስ ስታሰጣ የነበረች ሴት ማዕድ ቤትና የጎረቤቷ ግማሽ ቤት ተንሸራትቶ ወረደ፤ ውስጡ ማንም አልነበረም። አለቃው በሪፖርቱ ላይ «የሲስተም ማሻሻያ ውጤት» ብሎ ጻፈው። ጋሽ ቆይ አንድ ጠዋት ብቅ ብለው ቆጠራውን አሳዪኝ አሏት። ታችኛው ሰፈር የሚለውን መስመር፣ ከፊቱ ያለውን ባዶ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው አዩት። «ይሁን» አሉና ሄዱ። ሐኪሟም ባለቤት የሌለው ንባብ ከእንግዲህ በዝምታ እንዳይጣል አድርጋ አስተካክላው ነበር፤ በየጠዋቱ ቀድማ የምታየው እሱን ነው። ምንም የለበትም። ይህን ማወቋ ግን አላሳረፋትም። ቤቷ ውስጥ ገላዋን ስትታጠብ ውሃውን ዘግታ ጆሮዋን የምትሰጥበት ጊዜ አለ።

ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ እነ ጆሮ አሮጌውን ቱቦ ነቅለው ሊያወጡ ቆፈሩ። የእማማን ግቢ አገኙት። ቱቦው ከቆጣሪው አልፎ፣ ቤቱ ሳይደርስ፣ ከመሬት ሥር ተሰንጥቋል፤ ውሃው ሲፈስ የኖረው በዚያ ነው። የግቢውን ቧንቧ ከነማቆሚያው ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ተዘግቶ አገኙት። ሰውየውን አላገኙም። ሐኪሟ የቧንቧውን ነገር ሰምታ፣ ለሴትዮዋ የሚያጽናና ነገር ያገኘች መስሏት፣ ወደ እህታቸው ልጅ ቤት ሄደች።

እማማ ከመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሟ ከጎናቸው ሆና ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ ውሃው ሲፈስ የነበረው ከተሰነጠቀ ቱቦ እንደሆነ፣ ቧንቧው ግን ተዘግቶ እንደተገኘ። «ታጥበው ጨርሰው ነበር ማለት ነው እማማ» አለች። «ዘግተውት ነበር።»

እማማ ፊታቸውን አዞሩ። «ማን? እሱ?» አሉ። «እሱ በሕይወቱ ቧንቧ ዘግቶ አያውቅም ልጄ። ከኋላው እየሄድኩ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ስንጣላ የኖርነው በዚሁ ነው።»

እማማ ወደ ሐኪሟ ጠጋ አሉ።

«ጠብቆ ነው የተዘጋው?» ብለው ጠየቁ።

«በቁልፍ ታግለው ነው የከፈቱት።»

«እንዲያ የሚያጠብቀው የእኔ እጅ ነው» አሉ አሮጊቷ፤ መዳፋቸውን ገልብጠው ተመለከቱ፤ ከዚያ ጭናቸው ላይ መለሱት። ከማዕድ ቤት የእህታቸው ልጅ ዕቃ ታጥባለች፤ የውሃው ድምፅ በተከፈተው በር ይመጣል። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ፣ ሳይተያዩም፣ ልጅቷ እስክትዘጋው ድረስ አዳመጡት።